አንበሳ ልጠብቅ ብዬ ሣር ስቆጥር፦ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ወደ ኬንያ የሚሄድ ሰው ምን ያዘጋጅ?

የመጀመሪያ ሳምንቴን ያሳለፍኩት ሣር በማየት ነው። ሰሜን ኬንያ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ፊት ቁጭ ብዬ። ዛፍ ላይ የሚታሰረው ካሜራ ሙቀት ያለው ነገር ሲንቀሳቀስ ፎቶ ያነሳል። ቀትር ላይ የጋለ ሣር ነፋስ ሲያወዛውዘውም ያነሳል። የጎረቤት ፍየል ስታልፍም ያነሳል። ወደ አራት ሺህ ከሚጠጋው ፎቶ ውስጥ የሜዳ አህያ ያገኘሁት አሥራ አንዱ ላይ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ስነሳ ግን ለዘመድ ለጎረቤቱ «አንበሳ ልጠብቅ ነው» ብዬ አውርቼ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። መቁጠር፣ መመዝገብ፣ አጥር መጠገን፣ ወጥመድ መልቀም፣ ስብሰባ ላይ መቀመጥ። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው ዝግጅቱም ይለያል። ከታች የጻፍኩት በኬንያ ምሳሌ ነው፤ ምክንያቱም ቅርብ ናት፣ ከቦሌ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ገደማ በረራ ነው፣ እኔም የማውቀው እሷን ነው። ሌላ አገር የምትሄዱም አብዛኛው ይሠራላችኋል። ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

1. መጀመሪያ፦ ምን ትችላላችሁ?

«እንስሳት እወዳለሁ» የሚለው መልስ ለተቀባዩ ድርጅት ምንም አይጠቅመውም። እዚያ ያሉት ሬንጀሮች (እኛ ፓርክ ውስጥ ስካውት የምንላቸው) እንስሳቱን ከእናንተ በላይ ያውቃሉ። ዱካ አይተው ጅቡ ከስንት ሰዓት በፊት እንዳለፈ ይነግሯችኋል። የሚያጥራቸው ሌላ ነው። ኤክሴል የሚችል ሰው። ሞተር የሚጠግን። የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ። ጥሩ ካሜራ ያለው። ነርስ። የእንስሳት ሐኪም። የውሃ መስመር የሚዘረጋ።

አንዳንዴ ደግሞ ሙያ ነው ብላችሁ የማታስቡት ነገር ሙያ ይሆናል። ንብ ማነብን እንይ። ደቡብ ኬንያ፣ ጻቮ ኢስት ፓርክ አጠገብ ሳጋላ የሚባል አካባቢ አለ። ዝሆኖች ማታ ማታ እየወጡ በቆሎውን ይጨርሱታል። ገበሬው የአንድ ዓመት ቀለቡን በአንድ ሌሊት ያጣል፤ ቀጥሎ ዝሆኑን ለመግደል ጦርና መርዝ ይመጣል። ዶክተር ሉሲ ኪንግ የምትባል ተመራማሪ ሴቭ ዘ ኤሌፋንትስ ከሚባለው ድርጅት ጋር ሆና አንድ ዘዴ አዳበረች። ዝሆን ያን የሚያህል አካሉን ይዞ ንብ ይፈራል። ዓይኑ ዙሪያና ኩምቢው ውስጥ ስትነድፈው አይችልም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በማሳው ዳር ምሰሶ ይተከላል። በየአሥር ሜትሩ ቀፎ ይንጠለጠላል፤ ወጪ ለመቀነስ ከመካከላቸው አንዳንዱ ቀፎ የሚመስል ባዶ ጣውላ ነው። ሁሉም በአንድ ሽቦ ይያያዛሉ። ዝሆኑ በመሀል ሊያልፍ ሽቦውን ሲገፋ ቀፎዎቹ ይወዛወዛሉ፣ ንቦቹ ይወጣሉ። ገበሬው ማሳውን ያድናል፣ ማሩንም ይሸጣል።

አሁን እዚህ ላይ አስቡ። አጎቱ ጓሮ ቀፎ ሲሰቅልና ሲያጨስ እያየ ያደገ የጎጃም ወይም የከፋ ልጅ ካሊፎርኒያ ተወልዶ ካደገ ልጅ ምን ያህል እንደሚቀድም። ቀፎ ውስጥ ጉንዳን ሲገባ ምን እንደሚደረግ ያውቃል። ንግሥቲቱ ስትጠፋ ያውቃል። ማመልከቻው ላይ ግን «የማኔጅመንት ዲግሪ አለኝ» ብሎ ብቻ ይልካል! ቀፎውን ጻፉት። ከብት ጠብቃችሁ ከሆነ እሱንም ጻፉት።

2. እቤት ሆናችሁ ተለማመዱ

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሥራውን በነጻ መሞከር ይቻላል። ዙኒቨርስ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ከካሜራ ወጥመድ (ያ ዛፍ ላይ የሚታሰረው ካሜራ) የመጡ ፎቶዎችን ማንም ሰው ገብቶ ይለያል። «ይህ የትኛው እንስሳ ነው? ስንት ናቸው? ምን እያደረጉ ነው?» ነው ጥያቄው። በ2012 የተጀመረው ስናፕሾት ሴሬንጌቲ የሚባለው፣ የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ፓርክ ፎቶዎች የተለዩት በዚህ መንገድ ነው። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ አንድ ሰዓት ሞክሩት። በሦስተኛው ቀን ከሰለቻችሁ ጥሩ፤ ብዙ ብር አተረፋችሁ።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ በ1966 ወደተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጎራ በሉ። ወፍ ማየትና መቁጠር ማለት ምን እንደሆነ እዚሁ ታዩታላችሁ።

ስለ የሜዳ አህያ ትንሽ ልጨምር፤ ይህ የኔ ጉዳይ ስለሆነ ታገሱኝ። ሰሜን ኬንያ ያለው የግሬቪ የሜዳ አህያ የሚባለው ነው። መስመሩ ቀጭን፣ ጆሮው ትልቅና ክብ፣ ሆዱ ነጭ። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከዡል ግሬቪ ነው፤ በ1880ዎቹ ከኛ አገር አንዱ በስጦታ ተልኮላቸው። የላኩት ምኒልክ ናቸው ይባላል፣ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ። ዛሬ በዱር የቀረው ሦስት ሺህ ገደማ ነው፤ አብዛኛው ሰሜን ኬንያ፣ ጥቂቱ እዚህ እኛ ጋ፣ አላይደጌና ጨው ባሕር አካባቢ። ከ2016 ጀምሮ ኬንያ ውስጥ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ተማሪው፣ ቤተሰቡ፣ ሬንጀሩ፣ ፖለቲከኛው ሳይቀር ካሜራ ይዞ ወጥቶ ለሁለት ቀን ያነሳቸዋል። ደንቡ አንድ ነው፦ የቀኝ ጎኑን አንሱ። መስመሩ እንደ ጣት አሻራ ስለሆነ ኮምፒውተር አንዱን ከሌላው ይለየዋል። ግማሹ ሰው ቀኝ፣ ግማሹ ግራ ካነሳ ግን አንዱ እንስሳ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። በግራ በኩል የተነሳ ውብ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ይቀራል እንጂ ቆጠራው ውስጥ አይገባም።

3. ድርጅቱን መርምሩት

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የበጎ ፈቃድ ጉዞ ንግድ ሆኗል። ገንዘብ መጠየቁ ራሱ ወንጀል አይደለም፤ ምግባችሁንና አልጋችሁን ድሃ ድርጅት ሊሸፍን አይችልም። የምትከፍሉት የት እንደሚሄድ ግን በወረቀት ይንገሯችሁ።

በኢሜይል የምትጠይቋቸው እነዚህን ነው፦

- ባለፈው ወር እዚያ የነበረው በጎ ፈቃደኛ በቀን ምን ሲሠራ ዋለ?
- እኔ ባልመጣ ይህን ሥራ ማን ይሠራዋል?
- ከምከፍለው ውስጥ ለምግብና ለማደሪያ ስንት፣ ለአካባቢው ሰው ደመወዝ ስንት፣ ለቢሮ ስንት ይሄዳል?
- የሥራ ፈቃዴን ማን ያወጣል?
- ከዚህ በፊት የሠራ ሰው አገናኙኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ ቁልፍ ነው። መልሱ «የመንደሩ ልጅ በደመወዝ ይሠራው ነበር» ከሆነ የሰው እንጀራ ልትነጥቁ ነው።

አራተኛው ደግሞ አጭበርባሪውን ይለይላችኋል። እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት አንድ ድርጅት 1,200 ዶላር ጠየቀኝ፣ የሚያምር ፎቶ ላከልኝ። ስለ ፈቃድ ስጠይቀው «ቱሪስት ነኝ ብለህ ግባ፣ ማንም አይጠይቅህም» አለኝ። ተውኩት። ያስያዝኩት 150 ዶላር ግን እንደወጣ ቀረ።

ሁለት ነገር ካያችሁ ግን ምንም ጥያቄ አያስፈልግም፣ ዝጉት። አንደኛው የአንበሳ ግልገል አቅፎ ጡጦ የሚያጠባ ጎብኚ ፎቶ ነው። ከእናቱ ተነጥሎ በሰው እጅ ያደገ አንበሳ ወደ ዱር ተመልሶ የመኖር ዕድሉ እዚህ ግባ አይባልም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያደጉት ሲጎለምሱ በአጥር ውስጥ ለአዳኝ ሲሸጡ ስለኖሩ በ2021 የአገሪቱ መንግሥት ይህን እርባታ ለማስቆም መወሰኑን አስታውቋል።

ሁለተኛው «ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ለሁለት ሳምንት» የሚል ነው። እዚህ ላይ ቆጣ ብዬ ብናገር ይቅር በሉኝ። እናት አባት ያለውን ልጅ ለፈረንጅ ዶላር ብሎ «ወላጅ አልባ» ማድረግ በብዙ አገር የታወቀ ንግድ ነው፤ አውስትራሊያ በ2018 ባወጣችው የዘመናዊ ባርነት ሕግ ዙሪያ ጉዳዩ በስሙ ተጠርቶ ተነስቷል። በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ሰው መጥቶ አቅፎት፣ አልቅሶ ሄዶ፣ ሌላ የሚመጣበትን ሕፃን አስቡት። ከልጆች ጋር የሚሠራ ደህና ድርጅት ከወንጀል ነጻ መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ሳታመጡ በሩን አይከፍትም። ካልጠየቃችሁ፣ እናንተን ያልጠየቀ ማንንም አልጠየቀም ማለት ነው።

ሳትከፍሉ የምትሄዱበት መንገድም አለ። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም የኑሮ አበል ይሰጣል፣ ውድድሩ ግን ብርቱ ነው። የአፍሪካ ኅብረት ከ2010 ጀምሮ የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ አለው፤ ዕድሜ ከ18 እስከ 35፣ አገልግሎቱ 12 ወር። መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ብዙ ልጅ አያውቀውም። የአሜሪካ ዜግነት ያላችሁ ደግሞ የሰላም ጓድ አለላችሁ። በ1962 ኢትዮጵያ ገብተው ወላጆቻችንን እንግሊዝኛ ያስተማሩት እነሱ ናቸው። አገልግሎቱ 27 ወር ነው፤ አካባቢ ጥበቃም አንዱ ዘርፍ ነው።

4. ወረቀት፦ ስምና ልደት

ከአራት ወር በፊት ጀምሩ። ፓስፖርቱ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው።

የኛ ጣጣ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ፎርሙ ግን «የመጨረሻ ስም» ይላል። እኔ ትኬቱ ላይ የአያቴን፣ የድርጅቱ ደብዳቤ ላይ የአባቴን ሞላሁ። ሁለቱ ወረቀቶች ሁለት ሰው ሆኑ። ይህን ለማስተካከል ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። መፍትሔው፦ ፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ሁሉም ቦታ ገልብጡ። «ለምን የአባትሽ ስም ከወንድምሽ የአባት ስም በአንድ ፊደል ይለያል?» የሚል ሰውም አይጠፋም፤ ለዚያ ሳቅ ብላችሁ መልሱ።

የልደት ቀንም እንዲሁ። የልደት ምስክር ወረቀቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ፓስፖርቱ በፈረንጅ። በየፎርሙ እየቀያየራችሁ አትሙሉ፤ ፓስፖርቱ ያለውን ብቻ።

አሁን ፈቃድ። ኬንያ መግባት ለኢትዮጵያዊ ቀላል ነው። መግባት ሌላ፣ መሥራት ሌላ። በነጻም ብትሠሩ የኬንያ ኢሚግሬሽን ሥራ ነው የሚለው። ለአጭር ጊዜ የሚሰጠው ስፔሻል ፓስ ይባላል፤ የሚያመለክትላችሁ ተቀባዩ ድርጅት ነው። ጊዜ ይወስዳል። የመግቢያ ደንቡ ደግሞ በቅርብ ዓመታት ደጋግሞ ስለተቀያየረ ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት የኢሚግሬሽን ይፋዊ ገጽ ላይ ራሳችሁ አንብቡት። «ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት እንዲህ ነበር» አይሠራም።

ከወንጀል ነጻ መሆናችሁን የሚያሳየው ማስረጃ አሻራ ይፈልጋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አውጡ።

ውጭ የምትኖሩ፦ ግሪን ካርድ ይዛችሁ ከ1 ዓመት በላይ የምትቆዩ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት የመመለሻ ፈቃድ አመልክቱ። ሳዑዲ ያላችሁ መጀመሪያ የመውጫና መመለሻ ቪዛውን ጨርሱ፣ ከዚያ ትኬት።

5. ገንዘብ

ባጀቱን ስትሠሩ ትኬትንና የድርጅቱን ክፍያ ብቻ አትደምሩ። ክትባት፣ ኢንሹራንስ፣ ከናይሮቢ እስከ ካምፑ ያለው መኪና፣ የእረፍት ቀን ወጪ፣ ከዚያ ደግሞ በድንገት ለመመለስ የሚበቃ ገንዘብ። ይህን የመጨረሻውን አትንኩት።

ባንክ የጉዞ ዶላር የሚሰጠው ፓስፖርትና ትኬት አይቶ ነው፤ ጣሪያው ስለሚቀያየር በዚያ ሳምንት ጠይቁ። ናይሮቢ ስትደርሱ በፓስፖርታችሁ ሲም ካርድ አውጡና ኤምፔሳ ክፈቱ። ኤምፔሳ የተወለደው እዚያው በ2007 ነው፤ ቲማቲም የምትሸጠው እናት ሳትቀር በሱ ነው የምትቀበለው። መንደር ውስጥ ትልቅ ኖት የሚዘረዝር ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ኢንሹራንስ ስትገዙ ሁለት ነገር ብቻ ፈልጉ። የጉልበት ሥራ ይሸፍናል? ብዙው «ቱሪስት» ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ ምሰሶ ስትተክሉ እግራችሁ ቢሰበር ዞር በሉ ይላችኋል። ሁለተኛ፣ በአውሮፕላን ያወጣል? ሰሜን ኬንያ ውስጥ ከካምፕ እስከ ጥሩ ሆስፒታል የአንድ ቀን መኪና ሊሆን ይችላል። ናይሮቢ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተመሠረተው አምሬፍ ፍላይንግ ዶክተርስ ይህን አገልግሎት ይሰጣል።

6. ጤና

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግድ ነው፤ ስትሄዱም ስትመለሱም ሊጠየቅ ይችላል። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከ2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ «አሥር ዓመት አለፈው» የሚል ካጋጠማችሁ አትደናገጡ።

ወባን በተመለከተ አንድ ክፉ አባባል አለ፦ «ሀበሻ ነኝ፣ ወባ ምን ታደርገኛለች»። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ወባ አይተን አናውቅም። ሰውነታችን ለወባ ከለንደን ልጅ የተሻለ አይደለም። ቆላ ተወልዳችሁም ሃያ ዓመት ዋሽንግተን ከኖራችሁ የነበረችው መከላከያ ሄዳለች። መከላከያ ክኒን ከሐኪም ጋር ምረጡ። አቶቫኮን ፕሮጓኒል ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ ከተመለሳችሁ በኋላ ሰባት ቀን ይወሰዳል፤ ውድ ነው። ዶክሲሳይክሊን ርካሽ ነው፣ ግን ቆዳን ለፀሐይ ያስቆጣል፣ ከተመለሳችሁ በኋላም አራት ሳምንት ይቀጥላል። በብዙ ውሃ ዋጡት፣ ወዲያው አትተኙ። ጉሮሮ ላይ ሲቀር ያቃጥላል፤ አይቼዋለሁ።

እንስሳ የምትነኩ ከሆነ የእብድ ውሻ ክትባት አስቀድማችሁ ውሰዱ፤ ሁለት ጊዜ ነው፣ በሰባት ቀን ልዩነት። ብትወስዱም ከተነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፤ ከዚያ ሐኪም ቤት። ቴታነስ፣ ታይፎይድና የጉበት ክትባትም ጠይቁ።

7. ሻንጣ

ፌስታል አትያዙ። ኬንያ ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፤ ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስር ነው። እናታችሁ በሶውን በሦስት ፌስታል ጠቅልላ ከሰጠቻችሁ እቤት አውጡትና በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉት። ከሰኔ 2020 ጀምሮ ደግሞ ፓርክ ውስጥ የሃይላንድ ውሃ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የብረት ኮዳ ግዙ።

ልብስ ካኪ፣ ቡኒ፣ አረንጓዴ። ቆላ ዝንብ (ፄፄ የምትባለው) ባለበት ቦታ ሰማያዊና ጥቁር አትልበሱ፤ የዝንቧ ወጥመድ ራሱ የሚሠራው በሰማያዊና በጥቁር ጨርቅ ነው። ወታደር የሚመስል ዥንጉርጉር ልብስ ጨርሶ አይሆንም፤ ጣጣ ያመጣል።

ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ። ጠዋት ጫማችሁን ሳታራግፉ አታድርጉ፣ ጊንጥ ሊያድርበት ይችላል። የኬንያ ሶኬት ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ያለው ነው፤ የኛ አይገባበትም፣ አዳፕተር ያዙ። ድሮን እቤት ተዉት። ቢኖኩላር ከመግዛታችሁ በፊት ስትመለሱ በቦሌ ጉምሩክ ምን እንደሚጠበቅባችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ካምፕ ውስጥ የሚዋሱት አለ።

በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ ያዙ። ቡና የተቆላና የተፈጨውን ብቻ፤ ጥሬው የዕፅዋት ኳራንቲን ጥያቄ ያስነሳል። ጀበናውን በልብስ ጠቅልዬ ወስጄ ነበር። ካምፑ ውስጥ ከሁሉ በላይ ጓደኛ ያፈራልኝ እሱ ነው።

8. ስትደርሱ

ሰዓት ላይ ፈረንጆቹ ይምታቱ፣ እኛ አንምታታም። ስዋሂሊ እንደኛ ነው የሚቆጥረው። «ሳ ሞጃ» ማለት አንድ ሰዓት፣ ጠዋት ነው። ግን ያው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ሲያወራችሁ «ሰባት» ይላል። ስለዚህ «በየትኛው ቋንቋ ነው የቀጠርከኝ?» ብላችሁ አረጋግጡ። የሜዳ አህያ ደግሞ በስዋሂሊ «ፑንዳ ሚሊያ» ነው፤ ባለ መስመር አህያ። እነሱም እንደኛ አህያ ነች ብለዋታል።

ሰላምታ አታሳጥሩ። «ሀባሪ» ሲሏችሁ «ንዙሪ» በሉ፤ ከዚያ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ጠይቁ። እኛ ይህን እናውቅበታለን፤ ከሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች የምንበልጠው እዚህ ነው።

የምትጾሙ ከሆነ ኬንያ ትመቻለች። ጊቴሪ በቆሎና ቦሎቄ ነው፣ የኛው ንፍሮ። ሱኩማ ዊኪ ጎመን ነው። ኡጋሊ ጠንከር ያለ ገንፎ። ችግሩ ሻዩ ነው፤ ከነወተቱ ይፈላል። «ቻይ ያ ራንጊ» ካላችሁ ያለ ወተት ያመጡላችኋል። ለወጥ ቤቱ ግን በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። ዓሣ ሲያመጣላችሁ ደግሞ ክርክሩን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ።

መንደር ውስጥ ሰው ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። ልጆችን በተለይ። ከረሜላ አትበትኑ። ስብሰባ ላይ ሽማግሌ ሳይጨርስ አትናገሩ፤ አንበሳ ጥጃውን የበላበት ሰው ፊት ስለ አንበሳ ውበት አታውሩ። እኔ ይህን አድርጌያለሁ። ሰውዬው ዝም ብሎ አየኝና በስዋሂሊ አንድ ነገር አለ፤ ሁሉም ሳቁ፣ ማንም አልተረጎመልኝም። ከስብሰባው በኋላ በረቱን አሳየኝ። እሾህ አጥሩ አንድ ጎን ተበስቷል። በማግስቱ እኔና ሁለት ልጆች ግራር እየቆረጥን ስንደፍን ዋልን። ያን ዕለት የሠራሁት ከዚያ በፊት በሦስት ሳምንት ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል።

9. የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት

ሥራችሁን አስረክቡ። ፋይሎቹ የት እንዳሉ፣ ስማቸው እንዴት እንደሚጻፍ፣ የካሜራዎቹ ባትሪ መቼ እንደተቀየረ፣ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ከዚያ የሚረከባችሁን ሰው አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ እሱ ይሥራው፣ እናንተ እጃችሁን ሰብስቡ። እኔን የተረከበኝ ሬንጀር ኪቦርድ ላይ ቀርፋፋ ነበር። የቀኝ ጎን ፎቶ ሲያይ ግን ኮምፒውተሩ ሳይጨርስ «ይቺ እግሯን የምታነክሰዋ ናት» ይላል። ማስታወሻ ደብተር ገዛሁለትና እሱ የሚያውቀውን መጻፍ ጀመርን፤ ቀድሜ አለመጀመሬ ይቆጨኛል።

ጫማውን ለሚፈልገው ተዉለት። ቀንድ፣ ጥርስ፣ ላባ፣ የኤሊ ቅርፊት አትያዙ፤ «መንገድ ላይ ያገኘሁት ነው» ማለት አያድናችሁም። የዝሆን ጥርስ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት የታገደው በ1989 ነው፤ አገራችንም በ2015 ከስድስት ቶን በላይ አቃጥላለች።

ቦሌ ስትደርሱ ክኒኑን አታቋርጡ፤ ዶክሲሳይክሊን ከሆነ አራት ሳምንቱን ቁጠሩ። ከተመለሳችሁ ከወራት በኋላም ቢሆን ትኩሳት ከያዛችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ። የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ካርድ ስታወጡ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ኬንያ ነበርኩ» ይሁን።